ርካሽ የሳይንስ ሙከራ ዕቃ፤ ከኢንተርኔት ገበያ እስከ ወረታ ሱቅ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራውም መንገድ የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሽምብራና ጓያ ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ጨርቁና ቆርቆሮው፣ ጨውና ሳሙናው፣ የውሃ መሳቢያው ሞተርና መለዋወጫው ደግሞ ወደ ሜዳው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእርሷ በኩል ነው። ደረቅ ወደብ ከተቋቋመባት ወዲህም ለሰሜን ምዕራቡ ክፍል የገቢና የወጪ ዕቃ ማረፊያ ለመሆን በቅታለች።

ይህ ሁሉ የቆየና የታወቀ ንግድ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በወረታም ሆነ በሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ቀድሞ ያልነበረ አንድ አነስተኛ ገበያ ሲፈጠር ይታያል። ተማሪው፣ የሳይንስ መምህሩ፣ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኙ፣ በትርፍ ጊዜውም ሙከራ ማድረግ የሚወድ ማንኛውም ሰው፣ ሙቀት መለኪያውን፣ እርጥበት መለኪያውን፣ አነስተኛውን ማይክሮስኮፕና የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን በስልኩ ላይ እያየ፣ አንዱ በ2፣ ሌላው በ5 ዶላር እንደሚሸጥ ያነባል። ዋጋውን ካነበበ በኋላ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ቢጠይቅ ዕቃውን አያገኘውም። በራሱ ሊያዝ ቢሞክርም የክፍያው፣ የመጓጓዣውና የጉምሩኩ ነገር ከዕቃው ዋጋ በላይ ይከብደዋል።

ነጋዴው ይህን ጉዳይ የተማሪዎች ጨዋታ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባውም። አንደኛ፣ ተበታትኖ የሚገኘውን የብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ፍላጎት በአንድ ላይ ሰብስቦ ዋጋውን ማርከስ የሚችለው ባለሱቁ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ለሙከራ የሚፈልገው መሣሪያ የፎገራ ንግድ የተመሠረተበትን ሩዝ በትክክል ለመግዛትና ለመሸጥም የሚረዳ ነው። ስለዚህ የዕቃው ዓይነት፣ እውነተኛው ዋጋና መፈተኛው መንገድ ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

ዕቃው ስለ ምን ረከሰ

በኢንተርኔት ገበያ የሚታየው የሙከራ ዕቃ አብዛኛው የሚመረተው በቻይና ሲሆን፣ በተለይ የሼንዠን ከተማና አካባቢዋ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ማምረቻና መገበያያ በመሆን የታወቁ ናቸው። ለእጅ ስልክ፣ ለመኪናና ለቤት ዕቃ በብዙ ሚሊዮን የሚመረተው አነስተኛ መለኪያ ለተማሪ ሙከራም ያገለግላል። ለብቻው ለትምህርት ቤት ተብሎ ቢመረት ኖሮ ዋጋው እንዲህ ባልወረደም ነበር።

ሌላው ምክንያት ንድፉ ለሁሉ ክፍት የሆነ መሣሪያ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ፣ ኢቭሪያ በተባለች ከተማ፣ መምህራን የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ለሌላቸው ተማሪዎች እንዲመች አድርገው አርዱዊኖ የተባለውን ቦርድ ሠሩ። ይህ ቦርድ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሙቀትን፣ ብርሃንን ወይም እርጥበትን ከመለኪያ ክፍል ተቀብሎ በቁጥር ያሳያል። ሠሪዎቹ ንድፉን ለማንም ሰው እንዲሠራበት ይፋ ስላደረጉት፣ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ቦርድ በዝቅተኛ ዋጋ ያመርታሉ። ንድፉን መቅዳት የተፈቀደ ቢሆንም ስሙና ምልክቱ ግን የባለቤቱ ንብረት ነው። ስለሆነም ነጋዴው ቅጂውን "ከአርዱዊኖ ጋር የሚስማማ" ብሎ በግልጽ ቢሸጥ ንግዱ ሕጋዊ ይሆናል፤ የባለቤቱን ምልክት የለጠፈ ቅጂ ቢያመጣ ግን የሐሰት ዕቃ ነጋዴ ይባላል።

ርካሹ ዋጋ ወረታ እስኪደርስ

በስልክ ላይ የሚነበበው ዋጋ የፋብሪካው በር ዋጋ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚያ እስከ ወረታ ድረስ የሚጨመረውን ወጪ አስቀድሞ ያላሰበ ገዢ መጨረሻው ቁጭት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ምንዛሬ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ሲታይ ርካሽ የነበረው ዕቃ በብር ሲቆጠር ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው። አንዳንድ ባንኮች በውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ላይ የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ይሰጣሉ፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ሒሳብ ያለው ተማሪ ወይም መምህር ጥቂት ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብር ለአገር ውስጥ ግብይት ከፍተኛ ምቾት ሰጥቷል። በመሆኑም ደንበኛው ለወረታው ባለሱቅ በስልኩ በብር ይከፍላል፣ የዶላሩን ክፍያ ደግሞ ፈቃድ ያለው አስመጪ በባንክ ይፈጽማል። ይህ የሥራ ክፍፍል ለሁሉም ይመቻል።

ሁለተኛው ጉዳይ መጓጓዣ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ውሃ የማያስገባ አንድ የሙቀት መለኪያ በ2 ዶላር ተገዝቶ ለብቻው በፈጣን መልእክት ሲላክ መጓጓዣው 18 ዶላር ቢሆን፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት ዕቃው 20 ዶላር ሆነ ማለት ነው። መቶ መለኪያዎች በአንድ ጥቅል ታዘው መጓጓዣው 60 ዶላር ቢሆን ግን፣ ጠቅላላው ወጪ 260 ዶላር ስለሚሆን አንዱ የሚያወጣው 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ ነገሩ ግን በማናቸውም ዋጋ ያው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ በዚህም ንግድ ላይ ይሠራል።

የጥቅሉም ስፋት እንደ ክብደቱ ይታሰባል። ፈጣን የመልእክት ድርጅቶች በተለመደው አሠራራቸው የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 በማካፈል ኪሎውን ያወጣሉ። ስለዚህ 40 በ30 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም የሚከፈልበት እንደ 6 ኪሎ ነው። ሻጩ የእያንዳንዱን ዕቃ የካርቶን ማሸጊያ አስቀርቶ አጥብቆ እንዲያሽግ አስቀድሞ መጻፍ ገንዘብ ያተርፋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የመገናኛው አስተማማኝነት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ እንደቆየ ነጋዴው ሁሉ ያስታውሰዋል። በስልክ ብቻ የሚገዛና የሚከፍል ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ሥራው ይቆማል፤ በመደርደሪያው ላይ ጥቂት ክምችት ያለው ባለሱቅ ግን ደንበኛውን አያጣም።

መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ንግድ የሕግ መሠረት አኑሯል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሊባባ ኩባንያ ጋር የኤሌክትሮኒክ ዓለም ንግድ መድረክ ስምምነት የተፈራረመች ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውል ሕጋዊ ተቀባይነት ስላለው፣ ነጋዴው ከሻጩ ጋር የተጻጻፈውን መልእክትና የዋጋ ማቅረቢያ ሁሉ እንደ ደረሰኝ አጥብቆ ሊይዘው ይገባል።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው

ከውጭ አገር ከማዘዝ በፊት በእጅ ያለውን መመልከት ይበጃል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ በጦርነት ትምህርት ቤቶቻቸው ለፈረሱባቸው አገሮች መምህራን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ይኸው ሰፍቶ እ.ኤ.አ. በ1956 የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የመጽሐፉ ሐሳብ በየትኛውም አገር ገበያ ከሚገኝ ጠርሙስ፣ ሽቦ፣ ሻማና ቆርቆሮ ብዙ የሙከራ መሣሪያ መሥራት እንደሚቻል ማሳየት ነው። በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላትም በዚሁ መንፈስ ሲሠሩ ኖረዋል።

ወረታ ለዚህ የታደለች ናት። ከፎገራ ማሳ የሚወጣው ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ሙከራዎች ያገለግላል። ከውስጠኛው ንብርብር ላይ የሚላጠው ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋሳት አደራደር በግልጽ ይታያል። የቀዩ ቅርፊት ቀለም በውሃ ተፈልቶ ሲወጣ ደግሞ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ውስጥ ወደ ቀይነት፣ በሳሙና ወይም በአመድ ውሃ ውስጥ ወደ አረንጓዴና ቢጫነት ስለሚለወጥ፣ አሲድንና አልካላይን ለመለየት ያስችላል። እርድም በአመድ ውሃ ሲነካ ከቢጫነት ወደ ቀይ ቡናማነት ይለወጣል። ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች የሚተርፈው የመዳብ ሽቦ፣ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ማግኔት፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሲሪንጅ፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይና አነስተኛ አምፖል ሲጨመሩበት የኤሌክትሪክና የማግኔት ትምህርት የሚጠይቀው አብዛኛው ዕቃ ተሟላ ማለት ነው።

ስለዚህ ብልህ ባለሱቅ ከውጭ የሚያስመጣው በአካባቢው የማይገኘውን መለኪያና ቦርድ ብቻ ነው። የቀረውን ከአካባቢው ሰብስቦ ከመለኪያው ጋር በአንድ ሳጥን አሰናድቶ፣ የአሠራሩን መግለጫ በአማርኛ ጽፎ ቢሸጥ፣ የውጭ ምንዛሬውን ወጪ ይቀንሳል፤ በሳጥኑ ላይ የሚያገኘው ትርፍም የተሻለ ይሆናል።

የሩዙ እርጥበትና የተማሪው ሙከራ

ሩዝ በፎገራ ሜዳ መመረት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በዚያን ጊዜ ለነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እርዳታ ማድረጋቸው ይታወሳል። ዛሬ ሜዳው ከአገሪቱ ዋና ዋና የሩዝ አምራች ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በወረታ ነው።

የሩዝ ንግድ ትልቁ ጥያቄ እርጥበት ነው። አዝመራው በሚሰበሰብበት ጊዜ ያልተፈለፈለው ሩዝ ከ20 እስከ 25 በመቶ ውሃ ሊይዝ ይችላል። በጎተራ በደኅና እንዲቀመጥና በመፈልፈያው ውስጥ ሳይሰባበር እንዲወጣ ግን እርጥበቱ ወደ 14 በመቶ መውረድ አለበት። ከዚህ በላይ ከሆነ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይበረታበታል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀም በመፈልፈያው ይሰባበራል።

የገንዘቡ ሒሳብ እንዲህ ነው። 20 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል ሩዝ 20 ኪሎ ውሃና 80 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዟል። እርጥበቱ ወደ 14 በመቶ እስኪወርድ ቢደርቅ ክብደቱ 93 ኪሎ ይሆናል። ነጋዴው እርጥቡን ሩዝ በደረቁ ዋጋ ቢገዛ በየኩንታሉ ለ7 ኪሎ ውሃ ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው፤ በ50 ኩንታልም ጉዳቱ 3 ኩንታል ተኩል ያህል ይደርሳል። በአንጻሩ ሩዙን በሚገባ አድርቆ ያመጣው ገበሬ በእርጥቡ ዋጋ ቢከፈለው የተጎዳው እርሱ ነው። በጥርስ ሰብሮና በእጅ አፍሶ መገመት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ገዢና ሻጭ የማይስማሙበት ግምት የጠብ ምንጭ ይሆናል።

እዚህ ላይ ርካሹ ሙከራ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዘዴ ጨውና ጠርሙስ ብቻ የሚፈልግ ነው። በሚገባ የደረቀ ደቃቅ ጨው በደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከሩዙ ጋር ተጨምሮ፣ ተከድኖ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ከተነቀነቀ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ሩዙ ከ15 በመቶ የበለጠ እርጥበት አለው፤ ካልተጣበቀና እየተንሸራተተ ከወረደ ግን እርጥበቱ ከዚያ በታች ነው። ይህ ዘዴ ሩዙ ለጎተራ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ይመልሳል እንጂ እርጥበቱን በቁጥር አይናገርም።

ምክንያቱ ለተማሪው ጥሩ ትምህርት ነው። የምግብ ጨው ከአየር ላይ ውሃ መምጠጥ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ነው። ያልተፈለፈለ ሩዝም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ከሆነ በዙሪያው ያለውን አየር በዚያው በ75 በመቶ አካባቢ ያቆመዋል። ስለዚህ ሩዙ ከመጠኑ ያለፈ እርጥብ ከሆነ ጨው ይርሳል፣ ይጣበቃልም።

ሁለተኛው ዘዴ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ከውጭ የሚመጣውን የአየር እርጥበት መለኪያ ይጠቀማል። መለኪያው ከሩዙ ጋር በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ የሚያሳየው ቁጥር ከ75 በታች ከሆነ ሩዙ ለጎተራ ደርሷል ለማለት ይቻላል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ከሁሉ የረከሰውን መለኪያ መምረጥ ያሳስታል። ዲ ኤች ቲ 11 የተባለው ርካሽ መለኪያ በ5 በመቶ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሳሳት ስለሚችል 75 ሲያሳይ እውነቱ 70 ወይም 80 ሊሆን ይችላል። ዲ ኤች ቲ 22 የተባለው ታላቁ ዋጋው ከፍ ቢልም ልዩነቱ ያነሰ ነው። ለክፍል ውስጥ ማሳያ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለገበያ ጉዳይ ግን ሁለተኛው ይመረጣል።

ሦስተኛው ዘዴ ሁሉን የሚዳኘው ነው። በትክክለኛ ሚዛን የተመዘነ 100 ግራም ሩዝ ተፈጭቶ በምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቃል፤ የጎደለው ግራም በቀጥታ የእርጥበቱ መቶኛ ነው። ጊዜ ቢወስድም ሌሎቹ መለኪያዎች ሁሉ የሚመሳከሩት በዚህ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡት የእንጨት ወይም የድርቆሽ እርጥበት መለኪያዎች ለሩዝ የተስተካከሉ አይደሉም፤ ቁጥር ስላሳዩ ብቻ ሊታመኑ አይገባም።

ዕቃን ሳይሸጡ መፈተን

ዕቃውን ሳይፈትን የሚሸጥ ነጋዴ የፋብሪካውን ስሕተት በራሱ ስም ይሸጣል። መፈተኛው ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሙቀት መለኪያ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ ሲፈተን ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በወረታ ፈላ ውሃ ውስጥ 94 ያሳየ መለኪያ ትክክለኛ ነው፤ 100 ያሳየው ነው የሚጠረጠረው። ዲ ኤስ 18 ቢ 20 የተባለው ታዋቂ የሙቀት መለኪያ በአብዛኛው አጠቃቀም ከግማሽ ዲግሪ ያልበለጠ ስሕተት እንዳለው ሠሪው ቢገልጽም፣ በገበያ ላይ የሐሰት ቅጂው ብዙ ስለሆነ ከየጥቅሉ ጥቂቱን መፈተን ግድ ነው።

የአየር እርጥበት መለኪያ በእርጥብ ጨው ይፈተናል። ጨው በጥቂት ውሃ ታሽቶ፣ ሳይሟሟ እንደ ጭቃ ሆኖ፣ ከመለኪያው ጋር ሳይነካካ በታሸገ ዕቃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል፤ በማግሥቱ መለኪያው 75 አካባቢ ማሳየት ይገባዋል። አነስተኛ ሚዛንም በውሃ ይፈተናል፤ በሲሪንጅ የተለካ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ግራም ያህል ይመዝናል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ደግሞ አዲስ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲለካበት 1.5 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

በማስታወቂያ ላይ ከሚገኙት የተጋነኑ ቃላትም መጠንቀቅ ይገባል። አንድ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ጥሩ ሌንስ ኖሮት እንኳ ጠቃሚ የሆነው ማጉላቱ ከ1,500 እጥፍ ብዙም አያልፍም፤ በጥቂት ዶላር "2,000 እጥፍ ያጎላል" ተብሎ የሚሸጠው መጫወቻ ቃሉን አይጠብቅም። በሌላ በኩል ርካሽ ነገር ሁሉ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ ከወረቀት ታጥፎ የሚሠራ፣ የክፍሎቹ ወጪ ከ1 ዶላር ያነሰ፣ ፎልድስኮፕ የተባለ ማይክሮስኮፕ ይፋ አድርገዋል። በተለመደው ዓይነቱ 140 እጥፍ ስለሚያጎላ የሽንኩርቱን ሕዋስና በኩሬ ውሃ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ ፍጥረታት ለማየት ይበቃል። በባትሪም በኩል፣ የጣት ውፍረት ያለው 18650 የተባለው የሊቲየም ባትሪ በተለምዶ የሚይዘው ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት እምብዛም ስለማይበልጥ፣ 9,900 ተብሎ የተጻፈበት ሲመጣ ሳይገዙ መመለስ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ዕቃዎች

ተማሪ የሚገዛውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንደ ወላጅ ማሰብ አለበት። የመኪና ባትሪ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥሉ ለልጅ እጅ ሊሸጡ፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም ተቀድተው ሊሰጡ ከቶ አይገባም። በኮምጣጤና በሎሚ የሚሠራው ሙከራ ለጀማሪ ይበቃዋል። ለሙከራ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ከባትሪ ድንጋይ ይገኛል፤ ርካሹን ቴስተርም ሆነ ቦርድ በ220 ቮልቱ የቤት መስመር ላይ መሞከር ሕይወት ያስጠፋል። ጠንካራ የሌዘር መብራትም ዓይን ያጠፋል።

የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ዘመኑ አልፏል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን መሳይ ዕቃ እንዳይመረትና ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. 2020ን የጊዜ ገደብ አድርጎ አስቀምጧል። አስመጪው በአልኮል የሚሠራውን ወይም የኤሌክትሮኒክሱን ይምረጥ።

በአየር የሚጫነውም ዕቃ የራሱ ደንብ አለው። ለብቻቸው የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄዱ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከልክሏል። ኃይለኛ ማግኔቶችም በአውሮፕላን ሲጫኑ ልዩ ማሸጊያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባትሪና ማግኔት ከሌሎቹ መለኪያዎች ጋር በአንድ ጥቅል ከታዘዙ ጥቅሉ በሙሉ ሊታገድ ስለሚችል ለየብቻ ማዘዝ ይሻላል።

ለነጋዴው የሚመከር አሠራር

አንደኛ፣ ትእዛዝን መሰብሰብ ነው። አንድ የወረታ ባለሱቅ ከአዲስ ዘመን፣ ከደብረ ታቦርና ከባሕር ዳር ባልደረቦቹ ጋር ተስማምቶ ከትምህርት ቤቶችና ከጠጋኞች የሚፈለገውን በዝርዝር ቢቀበልና በአንድ አስመጪ በኩል ቢያዝ፣ የመጓጓዣውና የባንኩ ወጪ ለሁሉም ይከፋፈላል። ከደንበኛው የዋጋውን ከፊል ቀብድ መቀበል ለሁለቱም ዋስትና ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከብዛት ግዢ በፊት ናሙና ማስመጣት ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሻጮች አምስት አምስት ናሙና መጥቶ ከላይ በተገለጸው መንገድ ተፈትኖ የተሻለውን መምረጥ፣ መቶ ብልሽ ዕቃ ከመቀበል ያድናል።

ሦስተኛ፣ በጉምሩክ ሰነድ ላይ ትክክለኛውን አመዳደብ መያዝ ነው። በዓለም አቀፉ የታሪፍ ሥርዓት መሠረት ለማስተማሪያ ማሳያነት ብቻ የተሠራ መሣሪያ በአንቀጽ 90.23፣ ማይክሮስኮፕ በ90.11፣ ሙቀትና የአየር እርጥበት መለኪያ በ90.25፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር በ90.30 ይመደባል። "ልዩ ልዩ ኤሌክትሮኒክስ" ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ሰነድ ክርክርና መዘግየት ያስከትላል። ስለዚህ ሻጩ በዋጋ መጠየቂያው ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ብዛትና ዋጋ ለይቶ እንዲጽፍ ማድረግና አስቀድሞ ከጉምሩክ አስተላላፊ ጋር መመካከር ይገባል።

አራተኛ፣ ዋስትና መስጠት ነው። ደንበኛው ከኢንተርኔት ገበያ የማያገኘው ትልቁ ነገር ዕቃው ባይሠራ የሚመልስለት ሰው ነው። ባለሱቁ በደንበኛው ፊት ፈትኖ ቢሸጥ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ቢበላሽም ቢለውጥ፣ ጥቂት ብር ከፍ አድርጎ ቢያስከፍል እንኳ ገዢ አያጣም።

አምስተኛ፣ ጊዜን ማስላት ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ሲሆን፣ የሩዙ አዝመራ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ነው። በባሕር የሚመጣ ዕቃ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ዝርዝሩ በሚያዝያ ተሰብስቦ ናሙናው በግንቦት ቢፈተን፣ ዋናውም ትእዛዝ ሰኔ ሳይገባ ቢላክ፣ መለኪያው ለትምህርቱ መጀመሪያ ይደርሳል። በዚያው ዓመት የተማሪዎቹ ሙከራ የሩዙን እርጥበት ሲለካ፣ ገዢና ሻጭ በገበያው ላይ በአንድ ጠርሙስና በአንድ እፍኝ ጨው ፊት ለፊት ሊተማመኑ ይችላሉ።